የእቁቡን 50,000 ብር ዶሮ ልጨምርበት ወይስ የቤት ብድሩ ላይ ልክፈለው?

ቢሾፍቱ_ጓሮ

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ፣ ሳልዘረዝር ብጠይቅ ትክክለኛ መልስ አላገኝም ብዬ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ ቴክኒሻን ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። የሁለታችን ደሞዝ ተቆራርጦ እጃችን ላይ የሚገባው 37,000 ብር ነው። ከ3 ዓመት በፊት እዚሁ ቢሾፍቱ 140 ካሬ ላይ ያረፈች ባለ ሁለት መኝታ ቤት በባንክ ብድር ገዛን። ብድሩ 800,000 ብር፣ ወለዱ 15 ፐርሰንት፣ ለ15 ዓመት፣ በየወሩ 11,197 ብር ይቆረጣል። አንድም ወር አሳልፈን አናውቅም።

ባለፈው ሳምንት ስቴትመንት አስወጥቼ ሳየው ግን እግሬ ተብረከረከ። በ36 ወር ውስጥ 403,000 ብር ገደማ ከፍለናል፣ ዋናው ብድር ግን ገና 746,000 ነው። 54,000 ብር ብቻ ነው የቀነሰው! ለባለቤቴ ሳሳየው እራቱን ትቶ ተነሳ።

ወጪያችን እንዲህ ነው፦ ብድሩ ከተቆረጠ በኋላ 25,800 ብር ይቀራል። ከሱ ላይ የልጆች ትምህርት ቤት 6,000፣ አስቤዛ 11,000 (ጤፍ ዘይት ሽንኩርት ሁሉንም ይዞ)፣ ትራንስፖርት 3,000፣ መብራት ውሃ ስልክ 1,500፣ እድርና መዋጮ 500፣ እቁብ 2,500። የሚተርፈው 1,300 ብር ነው፣ እሱም አንድ ልጅ ጉንፋን ከያዘው የለም።

ጓሮ ደግሞ 40 ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ የእንቁላል ዶሮዎች አሉኝ። ድሮ በ12 ነው የጀመርኩት፣ ሌሎቹን 28 አምና ነው የጨመርኳቸው። በቀን 28፣ 29፣ አንዳንዴ 30 እንቁላል ይሰጡኛል። 4ቱን ቤት እናስቀራለን፣ ሌላውን ለሱቅ በ16 ብር አስረክባለሁ። መኖ ኩንታሉ 5,200 ብር ገብቷል፣ በወር 1 ኩንታል ከ40 ኪሎ ይፈጃሉ። በወረቀት ሳሰላው መድሃኒቱና ሰጋቱራው ሳይነሳ 4,700 ብር አካባቢ መትረፍ አለበት፣ ግን ወላሂ እጄ ላይ አይቼው አላውቅም፣ የት እንደሚገባ አላውቅም።

አሁን እቁብ ደረሰኝ። 20 ሰው ነን በ2,500፣ የ14ኛው እጣ ለኔ ወጣ፣ 50,000 ብር። ባለቤቴ «ብድሩ ላይ እንጣለው» ይላል። እኔ ደግሞ 80 ቄብ ገዝቼ 120 ባደርጋቸው በወር 10,000 እና ከዚያ በላይ ይተርፈኛል፣ በሱ ብድሩን በቶሎ እንዘጋለን ባይ ነኝ። 3 ወር የሞላቸው ቄቦች በ480 ብር የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ፣ በዚህ ሳምንት ወስኚ ብሎኛል። በዚህ ነገር ሁለት ቀን ተኳረፍን። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

አዳማ_እንቁላል

እህቴ ሰላም። እኔ 7 ዓመት ሆነኝ በዚህ ስራ፣ አሁን 200 ዶሮ አለኝ። ሂሳብሽ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ጎድሏል። 3 ወር የሞላት ቄብ እኮ እንቁላል የምትጀምረው ወደ 5 ወሯ ላይ ነው። ያን ሁለት ወር በባዶ ነው የምትቀልቢያት። አንዷ በቀን 80 ግራም ትበላለች ብንል 80ው በ60 ቀን ወደ 4 ኩንታል የቄብ መኖ ነው፣ እሱን በ4,800 ብታገኚው እንኳን 18,000 ብር ያልፋል። የቄቦቹ ዋጋ ብቻ 38,400 ነው። ቤት ማስፋት አለ፣ ቆርቆሮ፣ ወንፊት ሽቦ፣ ጣውላ፣ አናጺ፣ መመገቢያና መጠጫ፣ ያ ሁሉ ሲደመር 20,000 ቢበቃሽ እድለኛ ነሽ። ድምሩ ወደ 77,000 ነው። 50,000ሽን ጨርሰሽ ዶሮዎቹ ገና እንቁላል ሳያዩ ብድር ልትፈልጊ ነው።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። አሁን ጥር ነው። አሁን ብትገዢያቸው መጣል የሚጀምሩት ልክ ሁዳዴ መሃል ላይ ነው። 55 ቀን! አንቺም ታውቂዋለሽ፣ በጾም ሱቁ ራሱ «ዛሬ አታምጪ» ይልሻል። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ መጋቢት ውስጥ 900 እንቁላል ክፍሌ ውስጥ ተደርድሮ፣ ጠዋት ጠዋት እየቆጠርኩት እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት። አሁን ከሁዳዴ በፊት ኬክ ቤቶችን፣ ሆቴልና ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ደንበኞችን አስቀድሜ ይዤ ነው የምገባው፣ ፍልሰታንም የገና ጾምንም ካላንደሩ ላይ በቀይ አከብባለሁ። ዶሮ የሚያረባ ሰው የጾም ካላንደር ሳያይ ቄብ መግዛት የለበትም።

ትርፉ እጅሽ ላይ የማይታየው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ? መኖውን የምትገዢው ከደሞዝ ነው አይደል? እንቁላሉ ደግሞ በየቀኑ 400፣ 450 ብር ሆኖ ይገባል፣ እሱ ቲማቲም ይሆናል፣ ዳቦ ይሆናል፣ የልጅ ደብተር ይሆናል። ወር ሲሞላ መኖ አለቀ ትያለሽ፣ ከደሞዝ ታነሺያለሽ። ለእንቁላሉ ብቻ ሌላ አካውንት ክፈቺ፣ ሱቁ በቴሌብር እዛ ያስገባልሽ፣ መኖና መድሃኒት ከዛ ብቻ ይውጣ። ቤት የምትበሉትንም 4 እንቁላል ጻፊው፣ በወር 120 እንቁላል ነው፣ ወደ 1,900 ብር። ነጻ አይደለም፣ ልጆችሽ ስለሚበሉት አትቀንሺው ግን ጻፊው።

ዶሮ ከመጨመርሽ በፊት ያሉትን አስተካክዪ። ከ40 ዶሮ 29 ለቦቫንስ ትንሽ ነው። ዶሮ እንቁላል ለመጣል በቀን 14፣ 15 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፣ የኛ አገር ቀን 12 ሰዓት ነው። ማታ ከ12 ሰዓት ጀምረሽ 3 ሰዓት አንድ አምፖል አብሪላቸው፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፣ አንድ ቀን እያበራሽ አንድ ቀን እያጠፋሽ ከሆነ ይረበሻሉ። መመገቢያውን እስከ አፉ አትሙዪው፣ ግማሹን ብቻ፣ በምንቃራቸው ዝቀው መሬት የሚደፉት ሰጋቱራ ውስጥ የሚቀረው ዱቄት ገንዘብሽ ነው፣ እጅሽን አስገብተሽ ዳብሺው ታገኚዋለሽ። ውሃ ደግሞ ከሚበሉት እጥፍ ይጠጣሉ፣ ቀትር ላይ ግማሽ ቀን ውሃ ካጡ በማግስቱ እንቁላሉ ይቀንሳል። በዚህ ብቻ 29ኙ 33 ቢሆንልሽ በወር 1,900 ብር ጭማሪ ነው፣ አንድ ዶሮ ሳትገዢ።

ብድር_ክፍል_ነኝ

ባንክ ነው የምሰራው፣ የየትኛው ባንክ እንደሆነ ይቅር። ስቴትመንቱ ስህተት የለውም፣ ሁሉም ሰው 3ኛ ዓመቱ ላይ ነው የሚደነግጠው። ወለድ የሚታሰበው በቀረው ዋና ብድር ላይ ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ከከፈላችሁት 11,197 ውስጥ 10,000ው ወለድ ነበር፣ ዋናውን የነካው 1,197 ብቻ ነው። አሁን ደግሞ 9,325ቱ ወለድ፣ 1,872ቱ ዋና ነው። እየቆየ ይገለበጣል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው።

ስለዚህ አሁን ከዋናው ላይ የምትጥዪው እያንዳንዱ ብር ጉልበቱ ትልቅ ነው። አስልቼልሻለሁ፦ 50,000ውን ዛሬ ብትከፍዪና ወርሃዊ ክፍያሽ እንዳለ ቢቀጥል የቀረው 144 ወር 121 ይሆናል። 23 ወር ቀረልሽ ማለት ነው፣ ወደ 2 ዓመት። 20,000 ብቻ ብትከፍዪ እንኳን 10 ወር ያሳጥራል። በሌላ በኩል በየወሩ 3,000 ብር መጨመር ብትችዪ 12 ዓመቱ 7 ዓመት ከ2 ወር ይሆናል፣ ከወለድ 390,000 ብር ገደማ ይተርፍሻል። እዚህ ላይ ነው ዶሮዎቹ ሊያግዙሽ የሚችሉት፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ።

ግን ሦስት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ ገንዘቡን ሂሳብሽ ውስጥ አስገብተሽ ብቻ አትሂጂ፣ «ከዋናው ብድር ላይ ተቀናሽ ይደረግልኝ፣ ወርሃዊ ክፍያው ሳይቀየር ጊዜው ይጠርልኝ» ብለሽ በጽሁፍ ጠይቂና ኮፒውን አስፈርመሽ ያዢ። እንዲህ ካላልሽ ወርሃዊውን ቀንሰው 15 ዓመቱን እንዳለ ሊተዉት ይችላሉ፣ ያኔ የምታተርፊው በጣም ትንሽ ነው። ሁለተኛ ውልሽን አውጥተሽ ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለው አንብቢ፣ እንደየባንኩ ይለያያል። ሦስተኛ ውሉ ላይ ባንኩ ወለድ ማስተካከል ይችላል የሚል አንቀጽ ካለ 11,197ቱ ሁልጊዜ 11,197 ሆኖ ይቀራል ብላችሁ አትመኑ፣ ትንሽ ክፍተት በጀታችሁ ላይ ተዉ።

ሰበታ_መንገድ

ይቅርታ እኔ ጥሩ ወሬ ይዤ አልመጣሁም ግን ሳልነግርሽ ማለፍ ከበደኝ። አምና 110 ዶሮ ነበረኝ፣ እኔም እንዳንቺ የቤት እዳ ነበረብኝ፣ የወር ክፍያዬን ግማሽ በእንቁላል ነበር የምሸፍነው። ለበዓል ከገበያ 6 ዶሮ ገዝቼ ከነሱ ጋር ቀላቀልኳቸው፣ ያ ነው ጥፋቴ። በ5ኛው ቀን አንዷ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ አገኘኋት፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ሆነ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። በ8 ቀን ውስጥ 94ቱ ሞቱ። ጠዋት በሩን ስከፍት የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። በዛ ወር ባንክ ስላልከፈልኩ ቅጣት ተጨመረብኝ፣ ሚስቴ የአንገት ሃብሏን ሸጠች።

ክትባት ሰጥቼ ነበር እኮ፣ ግን የሰጠሁት በቧንቧ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክትባቱ ህያው ስለሆነ ክሎሪኑ ይገድለዋል፣ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እባክሽ፦ ውሃውን በሰፊ ዕቃ ሌሊቱን ክፍት አድርገሽ አሳድሪው፣ በ1 ሊትር ወደ 2 ግራም ተኩል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት በጥብጪበት። ጠዋት ለአንድ ለሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከልክለሽ እንዲጠማቸው አድርጊ፣ ከዛ ላሶታውን (የፈንግሉን ክትባት) በጥብጠሽ ስጫቸው፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው መጨረስ አለባቸው። ክትባቱን ስትገዢ በረዶ ያለው ፔርሙዝ ይዘሽ ሂጂ፣ በኪስ ይዘሽ በባጃጅ የምትመጪ ከሆነ አትግዢው። በየ3 ወሩ ድገሚው። አዲስ ዶሮ ካመጣሽ 2 ሳምንት ለብቻ አቆዪያት፣ ቀድመሽ ነባሮቹን መግበሽ ነው ወደ አዲሶቹ የምትሄጂው፣ ጫማም ቀይሪ።

እኔ የምልሽ የባንኩን ክፍያ በዶሮ ላይ አታስደግፊው። ዶሮ ተጨማሪ ይሁን። መክፈያ ከሆነ በሽታ ሲመጣ ቤትሽም አብሮ ይታመማል።

መርካቶ_ዙሪያ

እኔ በዚህ በሁሉም አልስማማም። 800,000ውን ስትበደሩ 11,197 ብር ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛ ነበር፣ አሁንስ ስንት ይገዛል? ብር እየረከሰ ነው፣ ክፍያው ግን አልተነሳም። በየዓመቱ እየቀለለላችሁ ነው የሚሄደው። ታዲያ ለምንድነው ዛሬ ጉልበት ያለውን ብር ሰጥተሽ ነገ ጉልበት የማይኖረውን እዳ የምትዘጊው? ዕቃ ያዢ፣ ዶሮ ዕቃ ነው፣ ዋጋው ከገበያው ጋር ይወጣል። 80 ባይሆን 40 ግዢ። ብድሩ በራሱ ጊዜ ያልቃል።

ብድር_ክፍል_ነኝ

@መርካቶ_ዙሪያ ሃሳብህ ስህተት ነው አልልም ወንድሜ፣ ለነጋዴ ይሰራል፣ ያንተ ገቢ ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣል። የደሞዝተኛ ግን ደሞዙ እንደ ጤፉ አይወጣም። እሷ ጋ ክፍያው እየቀለለ አይደለም፣ አስቤዛው እየበላው የሚተርፈው 1,300 ደርሷል። ከላይ ደግሞ እንዳልኩት ወለዱ ሊነሳ ይችላል። ዶሮም ዋጋው ሲወጣ መኖውም አብሮ ይወጣል፣ አንዳንዴ መኖው ይቀድማል።

ቢሾፍቱ_ጓሮ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን እያነበብን ነበር፣ ኩርፊያውም እዛው ቀረ። @ሰበታ_መንገድ ወንድሜ እጅግ አዝኛለሁ፣ ለባለቤትህም አይዞሽ በልልኝ። እኔም ክትባቱን በቧንቧ ውሃ ነበር የምሰጠው፣ እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ።

አዳማ እንዳልከው የ3 ወር ወጪዬን ከቴሌብርና ከሱቁ ደብተር ላይ አውጥቼ ጻፍኩት። እውነትህን ነው። መኖው ሦስቱንም ወር ከደሞዝ ነው የወጣው። የእንቁላሉ ብር የገባበት ተበታትኖ፦ ዳቦ፣ ታክሲ፣ የስልክ ካርድ፣ ለልጅ ብስኩት፣ ለሰርግ ስጦታ። ብቻ 11,000 ነው ያልኩት አስቤዛ ለካ 15,000 አካባቢ ነው፣ ልዩነቱን ዶሮዎቹ ናቸው የሚሸፍኑት፣ እኔ ግን ደሞዜ የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር። ሰጋቱራውንም በእጄ ዳበስኩት፣ አንድ ጣሳ ሙሉ መኖ ለቀምኩ።

አንድ የረሳሁት ነገር ደግሞ፦ እቁቡ ገና 6 ዙር አለው። 50,000ው ሙሉ በሙሉ የኔ አይደለም ማለት ነው አይደል? ይሄን ሳስበው ደነገጥኩ። ከፍዬ ብጨርሰውስ? ከፊሉን ብድር ላይ ከፊሉን ዶሮ ላይ ብናደርግስ?

እማማ_ዘነበች_ነኝ

ልጄ እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ይሄን የምጽፍልሽ የልጅ ልጄ ናት። እቁብ ቀድሞ ሲወጣልሽ ብድር ነው፣ ዳኛው ዋስ የሚያስጠራሽ ለዛ ነው። የቀረብሽ 15,000 ነው፣ መጀመሪያ እሱን አንስተሽ ለብቻ አስቀምጪው፣ ሌላውን ከዛ በኋላ ቁጠሪ። ያኔ በየወሩ ከደሞዝሽ የምታወጪው 2,500 ይቀርልሻል። እሱን አስቤዛ ውስጥ አትልቀቂው፣ እዛ ከገባ አይወጣም፣ በየወሩ ባንኩ ላይ ጨምሪው። እኔ ቤቴን የከፈልኩት እንዲህ ነው፣ በጉልት ሽንኩርት እየሸጥኩ፣ ሁሌም ትንሽ ትንሽ ከተጠየቅሁት በላይ እያደረግሁ።

ዶሮ አትጨምሪ አልልሽም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ ብቻ ነው። መጀመሪያ የያዝሻቸው 12ቱ አርጅተዋል መሰለኝ፣ እንቁላላቸው ቀንሶ የሚበሉት ግን ያው ነው። የትኛዋ እንደማትጥል ለማወቅ ከኋላዋ ያሉትን ሁለቱን የዳሌ አጥንቶች በጣትሽ ለኪ፣ በመሃላቸው ሁለት ሦስት ጣት ከገባ ትጥላለች፣ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ አቁማለች። ያረጁትን ለፋሲካ ዋዜማ አቆዪና ሽጪ፣ በዛ ሰሞን ዶሮ ዋጋ አላት፣ ለመኖ ብር ይሆንሻል። በምትካቸው ቄብ የምትገዢው መጋቢት መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይጀምሩልሻል፣ ጾሙ ወጥቶ። ያ ሻጭ በዚህ ሳምንት ወስኚ ካለሽ ቸኩሎ ነው፣ ቄብ ሁልጊዜ አለ።

ኩሱንም አትጣዪው። ከሰጋቱራው ጋር ሁለት ሦስት ወር ከምረሽ አብላዪውና ጎመን ትከዪበት፣ ትኩሱን ካደረግሽው ተክሉን ያቃጥለዋል። ለአስቤዛ ጎመን መግዛት ታቆሚያለሽ። ባልሽን ደግሞ እሺ በዪው፣ ያለው ነገር ሃሰት አይደለም።

አዳማ_እንቁላል

እማማ እግዜር ይስጥልን፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ የምጨምረው ቄብ ስትገዢ የክትባት ካርዳቸውን ጠይቂ፣ ማሬክስና ጉምቦሮ ለሚባሉት የዶሮ በሽታዎች መከተባቸውን ካላሳየሽ አትውሰጂ። ቤት ሳታሰፊ ስንት ይገባል? በአንድ ካሬ ከ6 እስከ 7 ዶሮ ነው መሬት ላይ ሲረቡ።

ቢሾፍቱ_ጓሮ

ቤቷ 8 ካሬ ናት፣ ስለዚህ ከ50 በላይ አትይዝም። 12ቱን ሸጬ 20 ቄብ ብገዛ 48 ይሆናሉ፣ ይበቃል።

እማማ ስለ መልስዎ እንዴት እንደማመሰግንዎት አላውቅም፣ ለልጅ ልጅዎም እንዲሁ። ዛሬ ጠዋት ወስነን ጨርሰናል፣ ሌላም በኔ ሁኔታ ያለ ሰው ካለ ብዬ ልጻፈው። 15,000ው ለእቁቡ ተቀምጧል፣ በባለቤቴ ስም ነው ያስቀመጥነው፣ እኔ እንዳልነካው። 20,000ው ብድሩ ላይ ይከፈላል። ውሉን አውጥቼ አንብቤዋለሁ፣ ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት የለውም፣ ደብዳቤውንም ባለቤቴ ጽፎታል፣ «ጊዜው ይጠርልን» የሚለውን ከስሩ አስምሮበት፣ ሰኞ ይዘን እንሄዳለን። የቀረው 15,000 ለዶሮዎቹ ነው፦ 20 ቄብ በ480 ሲሆን 9,600፣ እስኪጥሉ ድረስ አንድ ኩንታል የቄብ መኖ 4,800፣ ቀሪው 600 ብር ለክትባትና ለወተት ዱቄቱ። መጋቢት መጨረሻ እስኪደርስ አይነካም። ከእቁቡ የሚቀርልን 2,500ም ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ባንክ ይገባል፣ የእንቁላሉ አካውንት ደግሞ ትናንት ተከፍቷል፣ የመጀመሪያው ገቢ 416 ብር፣ የ26 እንቁላል።

አምፖሉን ማታ ባለቤቴ ሰቀለው። ልጆቹ መስኮት ላይ ሆነው ሲያዩ ነበር፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ወርደው እንደገና መብላት ሲጀምሩ ትንሿ ልጄ «እማዬ ነጋላቸው» አለች። በሁለት ሳምንት ስንት እንቁላል እንደሆነ መጥቼ እጽፋለሁ።